ትንሽ ዕቃ፣ ጤነኛ ኮራል፦ የባሕር አኳሪየም ስንጀምር ምን ከምን እንምረጥ?

ብዙ ሰው የኮራል አኳሪየም ሲያስብ የሚጀምረው ከዕቃው ነው። የትኛው መብራት ይሻላል? ምን ያህል ፓምፕ? ቆሻሻን በአረፋ የሚያወጣው ስኪመር የግድ ነው ወይ? ጥያቄዎቹ ጥሩ ናቸው፤ ቅደም ተከተላቸው ግን ተገልብጧል። መጀመሪያ መመረጥ ያለበት ኮራሉ ነው። ኮራሉ ከታወቀ የመብራቱ ኃይል፣ የውሃው ፍሰት፣ የሚጨመረው ማዕድን ሁሉ አብሮ ይታወቃል። ዕቃውን ቀድሞ ገዝቶ ኮራል ፍለጋ የሚወጣ ሰው ወይ ለማያስፈልገው ነገር ገንዘብ አውጥቷል፣ ወይ ዕቃው የማይችለውን ኮራል ይዞ ይመለሳል።

ይህ መመሪያ በጥቂት ዕቃ መሥራት ለሚፈልጉ ነው። ሁለት ሦስት ድንጋይ፣ ጥቂት ዓሣ፣ ብዙ ክፍት ቦታ፣ ጥርት ያለ ውሃ። አንድ ነገር ግን ከወዲሁ እንግባባ። ከአኳሪየሙ ላይ አንድ መሣሪያ ስታነሱ ሥራው አብሮት አይሄድም። ወይ እናንተ በእጃችሁ ትሠሩታላችሁ፣ ወይ ሥራው እንዲያንስ ገንዳው ውስጥ የምታኖሩትን ትቀንሳላችሁ። ስኪመር ከሌለ ምግብም ዓሣም ይቀንሳል፣ ውሃ መቀየርም ይበዛል። ከታች ያሉትን ምርጫዎች ሁሉ በዚህ ዓይን እዩአቸው።

ኮራሉ፦ ከሦስቱ የትኛው?

ኮራል እንስሳ ነው። በሥጋው ውስጥ ግን ዞዛንተሌ የሚባሉ ጥቃቅን አልጌዎች ይኖራሉ። እነሱ በብርሃን ምግብ ይሠራሉ፣ ከሠሩትም ብዙውን ለኮራሉ ያካፍላሉ። ስለዚህ መብራቱ ለኮራሉ ቀለቡ ነው። ውሃው ከልክ በላይ ሲሞቅ ወይም ብርሃኑ ባንዴ ሲበዛበት ኮራሉ አልጌዎቹን ያስወጣና ይነጣል። የነጣ ኮራል ገና አልሞተም፤ እየተራበ ነው። ቶሎ ከተደረሰለት ሊያገግም ይችላል።

ገበያ ላይ ያሉት በሦስት ይከፈላሉ። የመጀመሪያዎቹ ለስላሳ ኮራሎች ናቸው። ሳርኮፊቶን፣ ሲኑላሪያ፣ ዜኒያ ከነዚህ ናቸው። እንጉዳይ የሚመስለው ዲስኮሶማና አበባ የሚመስሉት ዞአንቲዶች በሳይንሱ ምደባ ሌላ ወገን ቢሆኑም፣ አያያዛቸው አንድ ስለሆነ አብረው ይቆጠራሉ። የድንጋይ አጽም ስለማይሠሩ ከውሃው የሚወስዱት ካልሲየም እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ትንሽ ናይትሬት ያለበት ውሃ ይስማማቸዋል። ለብርሃንም አይጨነቁም፤ ፓር በሚባለው የብርሃን መለኪያ ከ50 እስከ 150 ቢያገኙ ይበቃቸዋል።

ችግራቸው መስፋፋት ነው። ዜኒያና አረንጓዴው ስታር ፖሊፕ ዋናው ድንጋይ ላይ አንዴ ከወጡ መመለሻ የላቸውም፤ ጎረቤቶቻቸውን ሸፍነው ያልፋሉ። ለብቻው ቆሞ አሸዋ የሚከበው ድንጋይ ላይ ካስቀመጣችኋቸው ግን ውብ ናቸው። ቆዳ ኮራል የሚባሉት እነሳርኮፊቶን ደግሞ ሌሎቹን የሚጎዳ ኬሚካል ውሃው ውስጥ ይለቃሉ። ከድንጋያማ ኮራል ጋር ከቀላቀላችኋቸው የማጣሪያ ከሰል አይለያችሁ።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ዞአንቲዶች፣ በተለይ ፓሊቶአ የሚባሉት፣ ፓሊቶክሲን የሚባል እጅግ አደገኛ መርዝ ሊይዙ ይችላሉ። ስትነኳቸው ወይም ስትቆርጧቸው ጓንትና የዓይን መከላከያ አድርጉ። ያሉበትን ድንጋይ ከቶ እንዳትቀቅሉ። በሙቅ ውሃም አትፈትጉት። እንፋሎቱን የሳቡ ሰዎች ሆስፒታል ገብተዋል።

ሁለተኛዎቹ ትልልቅ ፖሊፕ፣ ማለትም አፍና ክንድ ያለው እያንዳንዱ የኮራል እንስሳ፣ ያላቸው ድንጋያማ ኮራሎች ናቸው። እነዩፊሊያ፣ ዱንካን፣ ካውላስትሪያ፣ ብላስቶሙሳ እዚህ ውስጥ ይገባሉ። ውሃው ሲነካቸው የሚወዛወዙት፣ ዓይን የሚስቡት እነሱ ናቸው። ብርሃን ከ75 እስከ 150 ፓር ይበቃቸዋል። ካልሲየም ግን ይወስዳሉ፣ በቁጥር ከበዙ ደግሞ በደንብ ይወስዳሉ። ቀን ለዓይን የዋህ ይመስላሉ፤ ማታ ግን ብዙዎቹ ረጃጅም የሚናደፉ ክንዶች ይዘረጋሉ። በመካከላቸው 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ባዶ ቦታ ተዉ። ክፍት ቦታ ለሚወድ ሰው ይኼ ችግር አይሆንም።

ሦስተኛዎቹ ትንንሽ ፖሊፕ ያላቸው ናቸው፤ አክሮፖራ፣ ሞንቲፖራ፣ ስታይሎፎራ። ከ200 እስከ 350 ፓር ብርሃንና ኃይለኛ ፍሰት ይፈልጋሉ። ከሁሉ በላይ ደግሞ የማይዋዥቅ አልካላይኒቲ፣ ማለትም ውሃው አሲድን የመቋቋም አቅም፣ ይሻሉ። በባዶ ነጭ ገንዳ መሐል የቆመ አንድ አክሮፖራ ሲታይ ከሱ የቀለለ ነገር የለም ያሰኛል። ከኋላው ያለው ጣጣ ግን የትየለሌ ነው። በየቀኑ የሚጨመር ማዕድን፣ ማዕድኑን የሚለካ ፓምፕ፣ በየሁለት ሦስት ቀኑ ምርመራ። ለዓይን ቀላል የሆነ ሁሉ ለእጅ ቀላል አይደለም።

የኔን ምርጫ ከጠየቃችሁኝ፦ መሠረቱ ለስላሳ ኮራል፣ ላዩ ላይ ሦስት ወይም አራት ትልቅ ፖሊፕ ያላቸው። ወይም ደግሞ አንድ ወገን ብቻ መርጦ፣ ለምሳሌ ዩፊሊያን በተለያየ ቀለም፣ ገንዳውን ለእሱ መስጠት። ይህ ሁለተኛው መንገድ ብዙ ሰው የሚዘነጋው ነው። ሁሉም ኮራል የሚፈልገው ብርሃንና ፍሰት ተመሳሳይ ስለሚሆን ግማሹ ራስ ምታት ይቀራል።

ስትገዙ ከባሕር የተነቀለውን ሳይሆን አኳሪየም ውስጥ ተቆርጦ የተባዛውን ምረጡ። ድንጋያማ ኮራሎች ሳይተስ በሚባለው ዓለም አቀፍ ስምምነት ሁለተኛ አባሪ ላይ የሰፈሩ ናቸው፤ ንግዳቸው ቁጥጥር አለበት። ተባዝቶ ያደገ ቁራጭ የመብራትና የገንዳ ኑሮ ስለለመደ በሕይወት የመቆየት ዕድሉም የተሻለ ነው።

ትንሽ ገንዳ ወይስ መካከለኛ?

ትንሽ ገንዳ ቀላል ይመስላል፤ አይደለም። ምክንያቱን ትነት ያሳያችኋል። ውሃ ሲተን ጨው አይተንም፣ ገንዳው ውስጥ ይቀራል። 40 ሊትር ውሃ ያለው ገንዳ በቀን 1 ሊትር ቢተንበት ጨዋማነቱ ከሺህ 35 ወደ 35.9 ይወጣል። ለሦስት ቀን ካልሞላችሁለት 37.8 ይደርሳል፤ ይህ ኮራል የሚቆጣበት ቁጥር ነው። 150 ሊትር የያዘ ገንዳ በቀን 2 ሊትር ቢተንበት እንኳ ከሦስት ቀን በኋላ ያለው 36.5 ያህል ነው። ሙቀትም፣ የምግብ ትርፍም፣ የሞተ ቀንድ አውጣም በዚሁ ስሌት ነው የሚሄዱት። ውሃው በበዛ ቁጥር ስህተቱ ይቀጥናል።

በሌላ በኩል ትንሽ ገንዳ ውሃ መቀየር ላይ ያስደስታል። የ40 ሊትር ገንዳ አሥር በመቶ ማለት አንድ ጆግ ሁለቴ ነው። 400 ሊትር ሲሆን ግን ወገብ የሚያጎብጥ ሥራ ይሆናል። ለዚህ ነው ከ100 እስከ 150 ሊትር ያለውን የምመርጠው። ትነቱን ይችላል፣ ቅየራውም በሁለት ባልዲ ያልቃል። ክብደቱን ግን አትርሱት። 150 ሊትር የባሕር ውሃ ብቻውን ከ150 ኪሎ ያልፋል፤ መስታወቱና ድንጋዩ ሲጨመር ተራ ጠረጴዛ አይሸከመውም።

ሳምፕ ማለትም ከሥር የሚቀመጥ ሁለተኛ ገንዳ ዕቃ ይደብቃል፣ የውሃውንም መጠን ይጨምራል። ቧንቧ፣ ድምፅና መብራት ሲጠፋ የሚመለስ ውሃ ግን አብሮት ይመጣል። ማጣሪያው በጀርባው ክፍል የተሠራለት ገንዳ ለዚህ ዓላማ ይሻላል። ማሞቂያው፣ ከሰሉና ፓምፑ ጀርባ ይገባሉ፣ ከፊት የሚታየው ድንጋይና ኮራል ብቻ ይሆናል።

ውሃው ከየት ይምጣ?

የቧንቧ ውሃ ሊያስቆጥብ ይችላል፣ ኋላ ግን ያስከፍላል። ክሎሪን ወይም ክሎራሚን፣ ናይትሬት፣ ፎስፌት፣ ሲሊኬት፣ አንዳንዴም ከቧንቧው የሚሟሟ መዳብ ይኖርበታል። መዳብ ለሰው ችግር በማይፈጥር መጠን እንኳ ለቀንድ አውጣ፣ ለሽሪምፕና ለኮራል መርዝ ነው። የክሎሪን ማስወገጃ ጠብታ ከነዚህ ውስጥ ክሎሪኑን ነው የሚያነሳው፤ ፎስፌቱን አይነካውም።

ሪቨርስ ኦስሞሲስ ከዲአዮናይዜሽን ጋር የተያያዘበት ማጣሪያ ሁለቱንም ይፈታል። የመጀመሪያው ሽፋን አብዛኛውን ቆሻሻ ይይዛል፣ የዲአዮናይዜሽኑ ሬዚን የተረፈውን ያጸዳል። በውሃው ውስጥ የሟሟውን የሚለካው ቲዲኤስ የሚባለው መለኪያ 0 ሲያሳይ ውሃው ዝግጁ ነው። ቁጥሩ 1 ወይም 2 ማለት ሲጀምር ሬዚኑን ቀይሩት። ማጣሪያው ለአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ብዙ ጊዜ ሦስት አራት ሊትር ይደፋል፤ የሚደፋውን ለጽዳት መጠቀም ይቻላል። ገንዳችሁ ከ60 ሊትር በታች ከሆነ ግን የተዘጋጀ ንጹሕ ውሃ ገዝቶ መጠቀም ያዋጣ ይሆናል። አስሉት።

ጨውስ? ከባሕር የተቀዳ ውሃ ከዳርቻ ብክለት ነፃ መሆኑን ካላረጋገጣችሁ በስተቀር የጨው ድብልቅ ይሻላል። በአንድ ሊትር ከ35 እስከ 40 ግራም ገደማ ይገባል። ድብልቁ በፓምፕ እየተናጠ፣ በገንዳው ሙቀት ሆኖ ሙሉ በሙሉ እስኪሟሟ ጠብቁ። ጨውን ገንዳው ውስጥ በቀጥታ መበተን ኮራል ማቃጠል ነው።

ጨዋማነቱን ለመለካት ሁለት ዕቃ አለ። የሚንሳፈፈው ሃይድሮሜትር ርካሽ ነው፣ ክንዱ ላይ አረፋ ሲለጠፍበት ግን ይዋሻል። ሪፍራክቶሜትር ይሻላል፤ አጠቃቀሙ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። መስታወቱ ላይ ሁለት ሦስት ጠብታ ታደርጋላችሁ፣ ክዳኑን አረፋ ሳይገባበት በዝግታ ታወርዳላችሁ፣ ሙቀቱ እስኪስተካከል ግማሽ ደቂቃ ትጠብቃላችሁ፣ ከዚያ ወደ ብርሃን አዙራችሁ ሰማያዊውና ነጩ የሚገናኙበትን መስመር ታነባላችሁ። የምትፈልጉት 35 ነው፣ ወይም በአንጻራዊ ጥግግት መስፈርት 1.026። መሣሪያውን የምታስተካክሉበት ፈሳሽ ደግሞ ለዚሁ የተዘጋጀው ባለ 35 ፈሳሽ ይሁን። በንጹሕ ውሃ ዜሮ ላይ ያስተካከሉት ሪፍራክቶሜትር ላይኛው ጫፍ ላይ ሊሳሳት ይችላል።

ድንጋዩ፦ ሕያው ወይስ ደረቅ?

ሕያው ድንጋይ ከባሕር ወይም ከቆየ አኳሪየም የሚመጣ፣ ባክቴሪያና ጥቃቅን እንስሳት የሞሉበት ነው። ገንዳውን ቶሎ ያበስለዋል። አብሮት ግን ያልተጠራ እንግዳ ይመጣል። አይፕታሲያ የሚባለው ተናዳፊ አኔሞን ዋናው ነው። አንዱን ለመግደል ስትቆራርጡት አሥር ይሆናል።

ደረቅ ድንጋይ ተባይ የለበትም፣ እንደፈለጋችሁ ሰብራችሁ አጣብቃችሁ ቅርጽ ማውጣትም ትችላላችሁ። ለአነስተኛ ንድፍ ከዚህ የተሻለ የለም። ዋጋው ትዕግሥት ነው። ባዶ ድንጋይ ላይ መጀመሪያ ቡናማ ዳያተም፣ ቀጥሎ አረንጓዴ ፀጉር የሚመስል አልጌ ይመጣል፣ ወራት ሊፈጅም ይችላል። አንዳንዱ ደረቅ ድንጋይ ፎስፌት ያፈስሳል። ብዙ ሰው ተስፋ ቆርጦ ገንዳውን የሚያፈርሰው በነዚህ ወራት ነው።

ሁለቱን ማዳቀል ጥሩ መንገድ ነው። ቅርጹ በደረቅ ድንጋይ ይሠራ፤ ከታመነ፣ ከጸዳ ገንዳ የመጣች አንዲት የእጅ መዳፍ የምታህል ሕያው ድንጋይ ጀርባው ክፍል ውስጥ ትግባ። የቀድሞው ልማድ በየ10 ሊትሩ ከአንድ ኪሎ በላይ ድንጋይ ነበር። ዛሬ ቀዳዳ የበዛበት ቀላል ድንጋይ ከተገኘ ከዚያ በጣም ያነሰ ይበቃል፤ የጎደለውን የባክቴሪያ ማደሪያ ጀርባ የሚቀመጥ የሴራሚክ ማጣሪያ ይሞላል። ከድንጋዩ እስከ መስታወቱ እጅ የሚያሳልፍ ክፍተት ተዉ። መስታወት የሚያጸዳው ማግኔት እዚያ ካላለፈ ያ ጥግ እስከ መጨረሻው አረንጓዴ ሆኖ ይኖራል።

ድንጋዩ ከገባ በኋላ ባክቴሪያው አሞኒያን ወደ ናይትራይት፣ ናይትራይትን ወደ ናይትሬት መለወጥ እስኪችል መጠበቅ ነው። ከሦስት እስከ ስድስት ሳምንት የተለመደ ነው። አሞኒያና ናይትራይት ሁለቱም ዜሮ ሳይሉ ምንም ሕያው ነገር አይግባ።

አሸዋን በተመለከተ ብዙም አላመነታም። ለዓይን ከወደዳችሁት ሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል፣ ካልሆነ ባዶ ወለል። ባዶው ቆሻሻ ለመምጠጥ ይመቻል፤ አሸዋው ውስጥ የሚቆፍሩ ጎቢ ዓሦችን ግን ያስቀራል።

ንጹሕ ውሃ፦ ስኪመር፣ አልጌ ወይስ ባልዲ?

ጥያቄው አዲስ አይደለም። ኢንዶኔዢያዊው ሊ ቺን ኤንግ በ1961 ባወጣው ጽሑፍ ሕያው ድንጋይና የአየር አረፋ ብቻ ይዞ የባሕር እንስሳት እንደሚኖሩለት አስታወቀ። በኋላ በጀርመን የዳበረው የበርሊን ዘዴ ደግሞ ሕያው ድንጋይን ከኃይለኛ ፕሮቲን ስኪመርና ከጠንካራ ብርሃን ጋር አጣመረ። ዛሬም የምንከራከረው በነዚሁ ሁለት ሐሳቦች መካከል ሆነን ነው ማለት ይቻላል።

ስኪመር ውሃውን ከደቃቅ አረፋ ጋር ያናጥና ቆሻሻው ከአረፋው ጋር ተጣብቆ ወደ ጽዋ እንዲወጣ ያደርጋል። ትልቁ ጥቅሙ ቆሻሻው በስብሶ ናይትሬት ከመሆኑ በፊት ማውጣቱ ነው። ኦክስጅንም ይጨምራል። ጉዳቱ ቦታ፣ ድምፅ፣ የሚሸት ጽዋ ማጠብ። ዓሣ ከበዛ የግድ ነው። ሁለት ትንንሽ ዓሣ ላለበት 120 ሊትር ግን ብዙ ጊዜ ሳይኖር ይቻላል።

አልጌ ማሳደግ ሁለተኛው መንገድ ነው። ኬቶሞርፋ የሚባለውን እንደ ክር የተጠቀለለ አልጌ በተለየ ክፍል፣ በራሱ መብራት ታሳድጋላችሁ፤ እሱ ናይትሬትና ፎስፌት ይበላል፣ እናንተ እየቀነጨባችሁ ትጥላላችሁ። መብራቱ በሌሊት ቢበራ የውሃው ፒኤች በሌሊት እንዳይወርድ ያግዛል። ጸጥ ያለ ዘዴ ነው፤ ቦታ ግን ይሻል።

ሦስተኛው ባልዲ ነው፤ ውሃ መቀየር። ብዙ ሰው ውሃ መቀየር ናይትሬትን "ያጠፋል" ብሎ ያስባል። አሥር በመቶ ስትቀይሩ የሚወጣው ካለው አሥር በመቶው ብቻ ነው። 20 የነበረው 18 ይሆናል፣ በቃ። ይሁን እንጂ በሳምንት አሥር በመቶ የሚቀየርበት ገንዳ ቁጥሩ ዝም ብሎ አይወጣም፤ በሳምንት ከሚጨምረው አሥር እጥፍ ላይ ደርሶ ይቆማል። ናይትሬታችሁ በሳምንት 1 ሚሊግራም በሊትር ቢጨምር ውሎ አድሮ 10 አካባቢ ይረጋል። በሳምንት 3 ከጨመረ 30 ይሆናል። ሃያ በመቶ ብትቀይሩ ደግሞ አምስት እጥፉ ላይ ይቆማል።

ስለዚህ ስኪመር ያስፈልገኛል ወይ ለሚለው የራሳችሁ ገንዳ መልስ አለው። ሁለት ሳምንት ውሃ ሳትቀይሩ ናይትሬቱን መጀመሪያና መጨረሻ ላይ ለኩ፣ ልዩነቱን ለሁለት አካፍሉ፣ በአሥር አባዙ። ለለስላሳና ለትልቅ ፖሊፕ ኮራሎች ውጤቱ 15 እና ከዚያ በታች ከሆነ ባልዲው ይበቃችኋል። ከዚያ ከበለጠ መጀመሪያ ምግቡን ቀንሱ። ምግቡን ቀንሳችሁም ካልወረደ ያኔ ስኪመር ወይም አልጌ አስቡ።

ወደ ዜሮ መሮጥም አደጋ አለው። ናይትሬትና ፎስፌት ሁለቱም ዜሮ ሲሉ ኮራሉ ይገረጣል፣ አሸዋው ላይም ዳይኖፍላጀሌት የሚባል ልጋግ የመሰለ ቡናማ ነገር ቦታውን ይይዛል። እሱን ማባረር ከአልጌ ይከፋል። ናይትሬት ከ2 እስከ 10፣ ፎስፌት ከ0.03 እስከ 0.1 ሚሊግራም በሊትር ብታደርጉ ጥሩ ነው። ንጹሕ ውሃ ማለት ባዶ ውሃ አይደለም።

የማጣሪያ ጥጥ በሦስት ቀን አንዴ ካልተለወጠ ራሱ የቆሻሻ ምንጭ ይሆናል። ከሰል የውሃውን ቢጫነት ያነሳል፤ በወር አንዴ መቀየር ይበቃዋል።

ማዕድን፦ ውሃ መቀየር ይበቃል?

አጽም የሚሠሩ ኮራሎች ካልሲየምና አልካላይኒቲ አብረው ይወስዳሉ። አልካላይኒቲ በ1 ዲኬኤች (መለኪያው ነው) ሲወርድ ካልሲየም የሚወርደው በ7 ሚሊግራም ያህል ብቻ ነው። ለዚህ ነው ቶሎ የሚታየው የአልካላይኒቲው ለውጥ የሆነው። አንድ የምርመራ ዕቃ ብቻ መግዛት የምትችሉ ከሆነ የአልካላይኒቲውን ግዙ። ዒላማው ከ7 እስከ 9 ዲኬኤች፣ ካልሲየም ከ400 እስከ 450፣ ማግኒዚየም 1300 አካባቢ። ከቁጥሩ ይልቅ አለመዋዠቁ ይበልጣል።

የቅድሙ ስሌት እዚህም ይሠራል፤ በተቃራኒው። ገንዳው በሳምንት 1 ዲኬኤች የሚወስድ ቢሆንና አዲሱ ውሃ 8 ቢሆን፣ አሥር በመቶ ቅየራ የሚመልሰው 0.1 ብቻ ነው። ቁጥሩ እየወረደ ኮራሉ ማደግ እስኪያቆም ይሄዳል። ለለስላሳ ኮራል ይህ ችግር የለም። ሦስት አራት ዩፊሊያ ላለበትም መጀመሪያ ላይ ላያስቸግር ይችላል። ከዚያ ሲያልፍ መጨመር ነው።

ለመጨመር ሁለት አማራጭ ለአነስተኛ ገንዳ ይሆናል። ካልክቫሰር ማለትም ካልሲየም ሃይድሮክሳይድ የተሟሟበት ውሃ ርካሽ ነው። ሁለቱንም በሚዛን ይሰጣል፣ በትነት የጎደለውንም አብሮ ይተካል። ፒኤቹ ግን 12 አካባቢ ስለሆነ ጠብ ጠብ እያለ ካልገባ ገንዳውን ያቃጥላል። ባለ ሁለት ጠርሙሱ ዘዴ ደግሞ ካልሲየሙንና አልካላይኒቲውን ለየብቻ ይይዛል፤ በሚሊ ሊትር ስለሚለካ ለጀማሪ ይቀላል። ሁለቱን በአንድ ቦታ በአንድ ጊዜ አትጨምሩ፤ ነጭ ዝቃጭ ሆነው ይባክናሉ። እኔ ባለ ሁለት ጠርሙሱን እመርጣለሁ። ካልክቫሰር ላይ የሚደርስ የፓምፕ ብልሽት በጣም ውድ ነው።

መብራትና ፍሰት

ቲ5 የሚባለው የቱቦ መብራት ብርሃኑ እኩል ይበተናል፣ ጥላ አይጥልም። ቱቦው ግን በየዓመቱ ገደማ ይለወጣል፣ ሙቀትም ይጨምራል። ኤልኢዲ ኃይል ይቆጥባል፣ ይደበዝዛል፣ ቀለሙ ይስተካከላል፤ ለጥቂት ዕቃ እሱ ይመረጣል። ከገንዳው ስፋት አንጻር አንድ ነጥብ ላይ ብቻ የሚያተኩር ከሆነ ግን መሐሉ ሲቃጠል ዳሩ ይጨልማል።

የሚበዛው ስህተት ኃይሉን ከመጀመሪያው ቀን መክፈት ነው። አዲስ ኮራል ከታች፣ ብርሃኑ ከሚደበዝዝበት ቦታ ይጀምር፣ በሳምንታት ውስጥ ቀስ እያለ ይውጣ። በቀን ከ8 እስከ 10 ሰዓት ይበቃል።

ለፍሰት በሰዓት የገንዳውን 20 እጥፍ የሚያንቀሳቅስ የሞገድ ፓምፕ ለለስላሳና ለትልቅ ፖሊፕ ጥሩ መነሻ ነው፤ ለ150 ሊትር 3000 ሊትር ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ዳኛው ዓይናችሁ ነው። የዩፊሊያው ክንዶች ወዲያ ወዲህ ሲሉ ደህና ነው። ሁሉም ወደ አንድ ጎን ተኝተው ከቀሩ ፓምፑን አዙሩት፤ ሥጋው ከአጽሙ ላይ መላጥ ይጀምራል።

ዓሣና የጽዳት እንስሳት

ኦሴላሪስ ክላውን ዓሣ ጥንድ፣ ወይም አንድ ጎቢ ከአጃቢው ፒስቶል ሽሪምፕ ጋር። በቃ። ታንግ የሚባሉት አልጌ በሊታዎች ሲገዙ ትንሽ ናቸው፤ ሲያድጉ ግን እንኳን 150 ሊትር 300ም ይጠባቸዋል። የበረዶ ምግብ አቅልጣችሁ በወንፊት አጥባችሁ ስጡ፤ ጭማቂው ለዓሣው አይጠቅምም። ቀንድ አውጣ ደግሞ በደርዘን አትግዙ። አልጌው ሲያልቅ በረሃብ ይሞታሉ፣ የሞቱት ውሃውን ያበላሻሉ። አምስት ስድስት ትሮከስ ይበቃሉ።

የማይቀነሱ ዕቃዎች

እስካሁን ብዙ ነገር ቀንሰናል። ሦስት ነገሮች ግን አይነኩም። በትነት የጎደለውን በንጹሕ ውሃ የሚተካ መሣሪያ አንዱ ነው፤ ጨዋማው ውሃ ለመቀየር እንጂ ለመሙላት አይሆንም። ሁለተኛው የምትተማመኑበት የጨዋማነት መለኪያ ነው። ሦስተኛው የሙቀት መቆጣጠሪያ ነው። ማሞቂያ የሚበላሸው ብዙ ጊዜ ጠፍቶ ሳይሆን እንደበራ ቀርቶ ነው፤ ያኔ ገንዳው በአንድ ሌሊት ይቀቀላል። ስለዚህ በአንድ ትልቅ ፋንታ ሁለት ትንንሽ ማሞቂያ ግዙ፣ ሁለቱንም ራሱን በቻለ መቆጣጠሪያ በኩል አገናኙ፣ ከ25 እስከ 26 ዲግሪ ላይ አድርጉት። አንዱ እንደበራ ቢቀር ብቻውን ገንዳውን የመቀቀል አቅም የለውም፤ ቢጠፋ ደግሞ ሌላው ውሃው እንዳይቀዘቅዝ እስክትደርሱ ያቆየዋል።